ጎልማሳ ተማሪ ቀርቶ እንዳይቀር፦ ወሎ ውስጥ ለሚያስተምሩ የአሠራር መመሪያ

የጎልማሶች ክፍል ሲከፈት ይሞላል። ጥቅምት ላይ አግዳሚው ጠቦ ሰው ቆሞ የተማረበት ክፍል ኅዳር አጋማሽ ላይ እጅ በማይሞላ ሰው ይቀራል፤ ጥር ላይ አመቻቹ፣ ማለት የጎልማሶቹ አስተማሪ፣ እና ጥቁር ሰሌዳው ብቻቸውን ይፋጠጣሉ። ሪፖርቱ ላይ «የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ዝቅተኛ በመሆኑ» ተብሎ ይጻፋል። በዚህ አባባል አልስማማም። ግንዛቤ የሌለው ሰው ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ውሎ በማታ መጥቶ አይመዘገብም ነበር።

ጎልማሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ትምህርቱ ከብዶት አይደለም። አንድ ሳምንት ይቀራል፤ ለቅሶ ደርሶበት፣ አጨዳ ይዞት ወይም ልጅ ታሞበት ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው ሳምንት «እነሱ አልፈውኛል» ይላል። በሦስተኛው መምህሩን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ያን ጊዜ ሰውየውን ከክፍሉ የሚያርቀው ዕፍረቱ ነው፣ ፊደሉ አይደለም። ስለዚህ የአስተማሪው ሥራ ሰው በከንቱ እንዳይቀር ማድረግ ነው፤ ከቀረ ደግሞ አንገቱን ሳይደፋ የሚመለስበትን በር ክፍት መተው። ብዙዎቻችን የመጀመሪያው ላይ ስንለፋ ሁለተኛውን እንረሳለን።

ከዚህ በታች ያለው በተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ለሚሠሩ አመቻቾች፣ ለማታ ትምህርት መምህራንና ለቴክኒክና ሙያ አሠልጣኞች ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ በተለይ የመጀመሪያውን ዘላችሁ ወደ ሁለተኛው አትሂዱ።

1. ቀን መቁጠሪያውን ከተማሪዎቹ ጋር አውጡ

ከዞን የወረደ የጊዜ ሰሌዳ ቢኖርም ከመክፈታችሁ በፊት ከአምስት ስድስት ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ ዓመቱን አንብቡት። ወሎ አንድ አዝመራ ብቻ ያለው አገር አይደለም። ደጋው ላይ በልግ የሚያበቅሉ ቀበሌዎች አሉ፤ ጥርና የካቲት ይዘራሉ፣ ሰኔና ሐምሌ ያጭዳሉ። እዚያ «ከመኸር በኋላ ሰው ይፈታል» ብሎ ማቀድ አያዋጣም። ቆላው፣ ቃሉም ባቲም ቆቦም፣ ማሽላው እሸት ሲይዝ ሰው ከወፍ ጥበቃ ማማ አይወርድም፤ ከዚያ ቆረጣው፣ ከዚያ ውቂያው ይከተላል። እነዚያን ሳምንታት በድፍረት ዝጉ። ተዘግቶ የከረመ ክፍል ተመልሶ ይከፈታል፤ ሦስት ሰው እያስተማረ የከረመ ክፍል ግን ሌሎቹን «የቀሩ» አድርጎ ይቆያል፣ የቀረ ሰው ደግሞ ያፍራል።

የሳምንቱን ቀን ስትመርጡ ገበያውን ጠይቁ። ባቲ ሰኞ ነው፣ የደሴው «ሰኞ ገበያ»ም እንደ ስሙ ሰኞ ነው፣ ላሊበላ ቅዳሜ ነው። የገበያው ቀን ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ለሴቶች ዋዜማውም ይጠፋል፣ እህል ማበጠሩና ዕቃ ማሰናዳቱ የዚያን ማታ ነውና። በወሩ ውስጥ ያሉትን በዓላት ደግሞ በቁጥር ያዙ፦ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም። አርብ ጁምዓ አለ። የማታው ትምህርት ከመግሪብ (ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰገደው ሰላት) በፊት እንዲያልቅ ወይም ለሰላቱ ዕረፍት ኖሮት እንዲቀጥል አድርጉ፤ «ጨርሰን እንውጣ» ብላችሁ ሰውን ከሰላቱ ጋር አታጣሉ።

ረመዳን በየዓመቱ በ10 ወይም 11 ቀን ወደ ኋላ ስለሚሳብ የአምናውን ሰሌዳ መገልበጥ አይቻልም። በ2017 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ፤ በ2018 ደግሞ በሁለት ቀን ልዩነት። እንደዚያ ሲገጥም የማታውን ክፍል ወደ ጠዋት አዛውሩት፤ ከሰዓት በኋላ የጾመ ሰው ፊቱ ወደ እናንተ ቢሆንም ልቡ ማፍጠሪያው ላይ ነው፣ ከአፍጥር በኋላ ደግሞ ተራዊህ፣ የረመዳን የማታ ሰላት፣ አለ።

አንድ ነገር ብቻ በሰሌዳ አይገባም፦ ለቅሶ። ቅሬው (የሰፈሩ ዕድር) ጡሩንባ ሲነፋ ክፍሉም ይዘጋል፣ እናንተም ትሄዳላችሁ። ያን ቀን በመዝገቡ ላይ ቀሪ አትጻፉ።

2. ስትመዘግቡ «ማንበብ ትችላለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ

ይህ ጥያቄ ሁለት መልስ ብቻ ነው ያለው፣ ሁለቱም ውሸት ሊሆን ይችላል። በአንድ ክፍል የሚገቡትን ሰዎች ተመልከቱ።

የቄስ ትምህርት ቤት የገባው አለ። ዳዊት ይደግማል፣ ንባቡ እንደ ውኃ ይፈሳል፣ እስክሪብቶ ስትሰጡት ግን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ በአብነት ትምህርት ቤት ንባብና ጽሕፈት ለየብቻ የሚቆሙ ሙያዎች ናቸውና። ይህን ሰው ከጀማሪ ጋር ሀ ሁ ማስቆጠር ስድብ ነው። ጽሕፈት ብቻ ስጡት፤ ንባብ ላይ ደግሞ ረዳታችሁ አድርጉት።

ቁርአን የቀራው አለ። ደብተሩን ከቀኝ ይከፍታል፣ ከቀኝ ይጀምራል። «ተሳስተሃል» አትበሉት፤ በግራው ኅዳግ ላይ ነጥብ አድርጉለትና ከነጥቡ ይነሣ። የወሎ ሼኾች የአማርኛ መንዙማን በዐረብኛ ፊደል ሲጽፉ ኖረዋል፤ ስለዚህ «አማርኛ መጻፍ አልችልም» ያላችሁ ሽማግሌ አማርኛ ጽፎ የማያውቅ ላይሆን ይችላል፣ በሌላ ፊደል እንጂ። እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ያን ቀን ለእሱ ክፍሉ ሌላ ክፍል ይሆናል።

በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተምሮ የጠፋበትም አለ፤ ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች የሰጠውን ያህል ሰጥቶ፣ ከዚያ በኋላ የሚነበብ ነገር ወደ ቤቱ ያልገባለት ሰው። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች አለች። ከዓረብ አገር የተመለሰች አለች፤ ዐረብኛ ትናገራለች፣ ስልክ ከእናንተ በተሻለ ትነካካለች፣ ግን ሁሉንም በድምፅ መልእክት ነው የምትጨርሰው። ከሚሴና ባቲ ዙሪያ ደግሞ የቤቱ ቋንቋ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛ ወይም አፋርኛ የሆነ ሰው አለ፤ ነገሩን መጀመሪያ በራሱ ቋንቋ ከጓደኛው ጋር ይነጋገርበት፣ ከዚያ በአማርኛ ይምጣ። ዝም ያለ ሁሉ አልገባውም ማለት አይደለም።

ታዲያ ምን ትጠይቃላችሁ? «ምን ልትሠሩበት ነው የመጣችሁት?» በሉ፤ ለብቻ ወስዳችሁ፣ ጓደኛ ሳይሰማ። መልሱ ሁሌም ትንሽና ቁርጥ ያለ ነው። «ስልኬ ላይ የልጄን ስም አይቼ ልደውል።» «ባንክ ሄጄ አሻራ ከማድረግ ልፈርም።» «የመሬት ደብተሬ ላይ ስሜ መኖሩን ራሴ ልየው።» ይህን በራሱ ቃል ከስሙ ጎን ጻፉት። የዓመቱ ዕቅዳችሁ እሱ ነው። «ለልማት» እና «ለዕውቀት» የሚለውን ለሪፖርቱ ተውት።

ለደረጃ መለያ ፈተና አትስጡ። ሦስት ነገር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፦ የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የመብራት ወይም የውኃ ደረሰኝ፣ ስልክ። «ከዚህ የሚያውቁት አለ?» ብላችሁ ተዉአቸው። የሚነሣው ነገር፣ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ፣ ጣት የሚሄድበት አቅጣጫ ሁሉን ይነግራችኋል።

3. ዓይንን፣ ወንበርንና መስኮትን አስቀድሙ

ሰው 40 ዓመት ገደማ ሲሞላው የቅርቡን ማየት እያቃተው ይሄዳል። ይህ በሽታ አይደለም፣ የማንም ዓይን ነው። ነገር ግን ሰውየው «አእምሮዬ ደንዝዟል፣ ከእንግዲህ አልማርም» ብሎ ይተረጉመዋልና ይጠፋል። መለየቱ ቀላል ነው፦ «መርፌ ክር የሚያስገባልዎት ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ልጄ» ካለች፣ ደብተሩ ላይ ፊደሉን በጣት ስፋት ጻፉላትና ልዩነቱን እዩ። የንባብ መነጽር ደሴ ገበያ ላይ በትንሽ ገንዘብ ይገኛል፤ ክፍሉ ሁለት ሦስት የጋራ መነጽር ቢኖረው ከአዲስ ሰሌዳ ይበልጣል። የሚያለቅስ ወይም የሚያሳክክ ዓይን ከሆነ ግን መነጽር አይፈታውም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩ፣ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም የዓይን ሕክምና አለው።

ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ የልጆች ትምህርት ቤት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ዴስክ ላይ ጉልበቱን አጥፎ የተቀመጠ አባወራ ምን እንደሚሰማው አስቡ። አግዳሚ ፈልጉ፣ ካልተገኘ ወንበሩን ከየቤቱ ያምጣ። መስኮቱን ዝጉ፤ ለደሴ ብርድ ብቻ አይደለም፣ ልጆች ተንጠልጥለው እናታቸው «ቡ… ባ…» ስትል እየሰሙ እንዳይስቁ ነው። አንድ ሳቅ አንድ ተማሪ ያስቀራል።

4. የመጀመሪያው ማታ ባዶ እጅ አይመለስ

ሠንጠረዡን ሰቅላችሁ ከሀ እስከ ፐ ማስቆጠር የመጀመሪያውን ማታ መግደል ነው። 33 ፊደል በ7 ቤት 231 ይሆናል፤ ጎልማሳ ግድግዳው ላይ ያን ሁሉ ሲያይ የሚቀረውን ዕድሜ ነው የሚያሰላው። ከስሟ ጀምሩ። ስሟን በካርቶን ጻፉ፣ ቆርጣችሁ ፊደል በፊደል ለያዩት፣ ራሷ ትገጣጥመው። ከዚያ የልጇን ስም። ሁለቱ የሚጋሩት ፊደል ካለ ሳትነግሯት ትያዘው። ካርቶኑን ይዛ ትሂድ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደንቡን አሳዩ፦ ካዕብ ብዙውን ጊዜ ወገቡ ላይ ወደ ቀኝ ጭረት ያወጣል፣ ሣልስ ጭረቱን ወደ እግሩ ያወርዳል፣ ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል። የማይታዘዙ ፊደሎች አሉ፣ እነሱን ኋላ ትይዛላችሁ። ደንቡ የገባው ሰው 231ዱን አይፈራም፤ 33ቱን ይዞ ሌላውን ራሱ ይሠራዋል። ልጅ በዜማ ይይዛል፣ ጎልማሳ ግን ምክንያቱን ሲያገኝ ነው የሚይዘው።

5. በየማታው አንድ እውነተኛ ወረቀት

ከመማሪያ መጽሐፉ ጎን በየጊዜው አንድ የሕይወት ወረቀት ይዛችሁ ግቡ። የመሬት ይዞታ ደብተር፦ የባልና የሚስት ስም የት እንደሰፈረ። የሕፃን ክትባት ካርድ፦ የቀጠሮው ቀን። የማዳበሪያ ደረሰኝ፦ ስንት ኩንታል፣ ስንት ብር። የሰው ደብተር ስታስመጡ ግን ለክፍሉ አታንብቡ፤ እያንዳንዱ የራሱን ያንብብ፣ ሚስጥር ነው።

የስልክ ትምህርት ከሁሉ ይበልጥ ሰው ይይዛል። በቴሌብር *127# ብሎ ቀሪ ሂሳብን ማየት አንድ ማታ ይበቃዋል። ሌላ ማታ የማጭበርበሪያ መልእክት አምጡ፦ ከተራ የግል ስልክ ቁጥር መጥቶ «በስህተት ገንዘብ ልኬልሃለሁ፣ መልስልኝ» የሚለውን። ጥያቄው «ምን ይላል?» ሳይሆን «ከማን ነው የመጣው? ቀሪ ሂሳብህስ ጨምሯል?» ይሁን። ይህን የተማረች ሴት በማግሥቱ ለጎረቤቷ ትነግራለች፣ ጎረቤቷም ትመዘገባለች።

ሂሳብ ላይ ተጠንቀቁ፤ ገበያ የዋለ ሰው ከእናንተ ይፈጥናል። «ኪሎው 48 ብር የሆነ ቲማቲም 3 ኪሎ ተኩል ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። አንዷ 168 ትላለች፣ እናንተ ጠመኔ ሳታነሡ። «እንዴት አሰሉት?» በሏት። «ሦስቱ መቶ አርባ አራት፣ የግማሿ ሃያ አራት።» ሰሌዳው ላይ የምትጽፉት እሷ ያለችውን ነው፣ በእሷ ቅደም ተከተል፤ 144 ሲደመር 24። መጽሐፉ ያዘዘውን የማባዛት መንገድ ከዚያ በኋላ አምጡ። የራሷ ሐሳብ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ ያየች ሴት ሌላ ጊዜ ስትመጣ እንደ እንግዳ አትገባም።

ስለ ጽሑፍ ርዕስ አንድ ማሳሰቢያ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ሲያዳርስ ሰውና ንብረት ያጣ ተማሪ በየክፍሉ አለ። «ያጋጠማችሁን ጻፉ» አትበሉ። ራሱ ካነሣው ስሙት፣ ካላነሣው ስለ ዘር፣ ስለ ቡና፣ ስለ መንገድ ይጻፍ።

6. ድብልቅ ክፍልን በዘዴ አደራጁት

ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ስታስቀምጡ ምራትና አማትን አታገናኙ፣ አበዳሪና ተበዳሪንም። ወንድና ሴት እንዴት እንደሚቀመጡ ራሳቸው ይወስኑ፤ እናንተ «ተቀላቀሉ» ወይም «ተለያዩ» ብትሉ ሁለቱም ያስከፋል። ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን ለየብቻ መመደብ ወሎ ውስጥ ማንም አይጠይቃችሁም፤ ተዝካርም መውሊድም አብሮ የሚሰናዳ ሰው ነው። ብቻ ምሳሌያችሁ ሁሌ ገናና ፋሲካ አይሁን፤ ዒድም ይግባበት።

አጠራር ቀላል ነገር አይደለም። በእናንተ ዕድሜ ልጅ ያላትን ሴት በባዶ ስሟ አትጥሩ። እትየ፣ እማማ፣ ጋሼ፣ ሼኹ፣ መሪጌታ፤ ሰፈሩ የሚጠራቸው እንደዚያ ከሆነ ክፍሉም እንደዚያው ይጥራ። መዝገቡን ስትጠሩም ጭምር።

ትምህርቱ በሰው ቤት ከሆነና ቡና ካለ መልካም ነው፤ በአቦልና በቶና መካከል የሚገባ የንባብ ጊዜ ከክፍል ይሻላል። አንድ አደጋ ግን አለው። ተራ ሲወጣ አንዷ ዳቦ ጋግራ ታቀርባለች፣ ሁለተኛዋ ፈንድሻ ጨምራ፣ ሦስተኛዋ ከዚያ ላለማነስ ትበደራለች። አራተኛዋ ደሃ ናት፤ ተራዋ በሚደርስበት ሳምንት ትጠፋለች፣ በዚያው ትቀራለች። ከመጀመሪያው ቀን ደንብ አውጡ፦ ቡናው በአንድ ቤት ብቻ ይፈላ፣ ሁሉም ፍሬ ቡና በእፍኝ ያምጣ፣ ከቡና በስተቀር ምንም አይቅረብ። ደንቡን እናንተ ሳትሆኑ በዕድሜ የገፋችው ትናገር።

7. የቀረውን መመለስ

ከሁሉ በላይ ጊዜ የምትሰጡት እዚህ ላይ ይሁን።

ሁለት ጊዜ የቀረን ሰው በሦስተኛው ቀን ፈልጉ። ወር አትጠብቁ። የምትልኩት የቀበሌ ሰው አይሁን፤ የቀበሌ ሰው ደጅ ሲቆም ግብር ወይም መዋጮ ነው የሚመስለው። በምዝገባው ጊዜ እያንዳንዱ ተማሪ በመንገዱ የሚኖር አንድ ጓደኛ ይምረጥ፣ የሚጠይቀውም እሱ ይሁን። ጓደኛው ምን እንደሚል ግን አስተምሩት። «ለምን ቀረሽ?» የክስ ጥያቄ ነው። እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

«እኅቴ፣ ልጁ ተሻለው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ እህል ቀመሰ።»

«ደብተርሽ እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ነው። ሐሙስ አዲስ ነገር የለም፣ ያለፈውን ነው የምናየው።»

«ኧረ አልፋችሁኛል፣ ምን ልሠራ እመጣለሁ…»

«አብሽሪ፣ እኔም እነዚያን ፊደሎች አልያዝኳቸውም። አብረን እንሂድ፣ በደጅሽ ነው የማልፈው።»

በዚህ ንግግር ውስጥ ያሉትን ሦስት ነገሮች በእውነት ማዘጋጀት የእናንተ ድርሻ ነው። አንደኛ፣ ደብተሩ ክፍል ውስጥ በሣጥን ይቀመጥ። ቤት የሚሄድ ደብተር ልጅ ይሥልበታል፣ ቅጠሉ ለእሳት መለኮሻ ይሆናል፣ ተማሪዋም «ደብተሬ ጠፋ» ብላ ለመምጣት ታፍራለች። ለቤት ልምምድ ነጠላ ወረቀት ስጡ። ሁለተኛ፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን አዲስ ነገር የማይጀመርበት ይሁን፤ ቀኑ የታወቀ፣ የማይለወጥ። የቀረ ሰው በዚያ ቀን ከመጣ ማንም አላለፈውም። ሦስተኛ፣ የምትሰጡት ትምህርት በአንድ ማታ ተጀምሮ በአንድ ማታ የሚያልቅ ይሁን። «ባለፈው ያቆምንበት» እያለ የሚቀጥል ትምህርት የቀረውን ሰው ደጅ ላይ ያቆመዋል።

ሲመለስ አታጨብጭቡ። «እንኳን መጡ» በሉና ወደ ሥራው ግቡ። የመጀመሪያው ጥያቄ በእርግጥ የሚመልሰው ይሁን፤ ከሄደበት ዝቅ ብሎ ይጀምር። የቀረበትን ምክንያት በክፍሉ ፊት አታንሡ፣ እሱም ሊያብራራ ቢጀምር «ገብቶናል» ብላችሁ አሳጥሩለት።

ከአዝመራው በኋላ ሁለተኛ መክፈቻ አድርጉ፤ አዲስ ተመዝጋቢም ይግባበት። ያን ጊዜ አዲስ ሰው ከገባ፣ ተመላሹ ከኋላ የቀረ የመጨረሻው ሰው አይሆንም። ይህች ዘዴ ብቻዋን ብዙ ሰው ትመልሳለች፤ ወጪዋ አንድ የማስታወቂያ ቃል በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ማስነገር ነው።

8. ምስጋናና እርማት

ጎልማሳ የውሸት ምስጋና ይሸተዋል። ለአንዲት ፊደል «ጎበዝ! አጨብጭቡላት!» ማለት የልጅ ክፍል ነው። የሠራችውን ንገሯት፦ «ባለፈው ሳምንት ‹ጠ›ን ከ‹ጸ› ታምታቺ ነበር፣ ዛሬ አንድም አላምታታሽም።» ይህ ይበቃል። ሰሌዳ ላይ በስም አታስወጡ፤ የፈለገ ራሱ ይውጣ። በቀይ እስክሪብቶ አታርሙ። እርሳስ ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ከስህተቱ አንዱን ብቻ አንሡ።

የመጨረሻው ፈተናም ሲመዘገብ ያለው ነገር ይሁን። ለመፈረም የመጣው ይፈርም፣ ስልክ ለመደወል የመጣችው ትደውል። የምስክር ወረቀቱን በአደባባይ ከመስጠታችሁ በፊት ግን ጠይቁ፤ ሰፈሩ ሁሉ የተማረች የሚመስለው ሴት ከመድረክ ላይ «ዛሬ ማንበብ ቻለች» ተብላ መጠራት አትሻም።

9. የፈረቃ ሠራተኛና የማታ ሠልጣኝ

ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው አንዱን ሳምንት ጠዋት፣ ሌላውን ማታ ይገባል። ክፍላችሁ የማታ ብቻ ከሆነ በየሁለተኛው ሳምንት ይቀራል ማለት ነው፣ ያንን ደግሞ ምንም ፍላጎት አያሸንፈውም። መድኃኒቱ ያንኑ ትምህርት ጠዋትም ማታም መስጠትና በፈለገው እንዲገባ መፍቀድ ነው። ሁለት አሠልጣኝ ካለ ይከፋፈሉት። ለቀረው በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይላክለት፣ አጭር ይሁን፤ ቪዲዮ ኔትወርክም ብርም ይበላል። የብቃት ምዘና ሲቃረብ የሚጠፉትን በተለይ ተከታተሉ፦ በሥራው የተካኑ ሆነው የጽሑፍ ፈተናውን የሚፈሩ ናቸው። የጥያቄውን አቀራረብ አስቀድመው አይተውት ይግቡ።

10. መዝገቡን እንደ መስታወት ያዙት

በመዝገቡ ላይ ✓ እና ✗ ብቻ አትጻፉ። ከ✗ው አጠገብ አንድ ቃል ጨምሩ፦ ገበያ፣ ለቅሶ፣ ሕመም፣ አጨዳ፣ ባል፣ አልታወቀም። በወሩ መጨረሻ ቃላቱን ቁጠሩ። «ገበያ» ከበዛ ቀናችሁ ተሳስቷል። «ሕመም» ሁልጊዜ ከተመሳሳይ ሁለት ሴቶች የሚመጣ ከሆነ ዓይናቸውን እዩ። «ባል» ከተጻፈ ሴትየዋን አትምከሩ፤ ባልየውን ለቅሶ ቤትም ሆነ መንገድ ላይ ስታገኙት ስለ ማሽላው አውሩት፣ ቀስ ብላችሁ ሚስቱ ያነበበችውን የማዳበሪያ ደረሰኝ አንሡ። «አልታወቀም» ከሦስት ካለፈ ጓደኛ የሚሆናቸው አላገኙም ማለት ነው፤ ወደ 7ኛው ተመለሱ።

በእርግጥ የሚሄድም አለ። ዓረብ አገር የምትሄድ፣ አዲስ አበባ የምትገባ፣ አግብታ ወደ ሌላ ወረዳ የምትሻገር። እነዚህን «አቋራጭ» ብላችሁ አትዝጓቸው። ምን ድረስ እንደደረሱ አንድ ወረቀት ጻፉላቸው፦ ፊደል ጨርሳለች፣ አጭር መልእክት ታነባለች፣ እስከ አራት አኃዝ ትደምራለች፣ ማባዛት አልጀመረችም። ቀኑንና ፊርማችሁን አድርጉበት። በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ከእሷ ጋር ይሂድ፣ ሁለተኛው በስሟ መዝገብ ውስጥ ይቀመጥ፣ የሚቀጥለው አመቻች የት እንዳለ ይወቀው።